ጳጉሜ አንድ የተወለዱት

ነይ ማርያን፣ እዚህ ከእኔ ጋር ተቀመጪ። አንቺ ወደዚያ ሁኚና መስኮቱን ለእኔ ተዪልኝ፤ የዚህ ሚኒባስ መስታወት እስከ ላይ አይዘጋም፣ አንቺ ደግሞ የጅግጅጋን የታኅሣሥ ነፋስ ገና አልለመድሽውም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው እዚህ የመጀመሪያውን ዓመት እያሳለ ነው የሚገፋው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ነፍሶብኛል፤ ከእንግዲህ ምን ያደርገኛል?... ቁርስ በላሽ? ሳምቡሳ ይዣለሁ፣ ገና ትኩስ ነው። ኧረ ሁለት ውሰጂ! ቀብሪበያ እስክንደርስ አንድ ሰዓት አለ፣ ከዚያ ደግሞ ፈተናው እስኪያልቅ ምግብ የሚባል ነገር አይታሰብም።

አደን፣ ሙዚቃውን ትንሽ ቀንስልን ወንድሜ። እንዲህ... ተባረክ። እኛ ወሬ አለን። ፊት ወንበር ላይ ያሉትን የኮምፒዩተር ባለሙያችንን እንዳንረብሽ ብቻ... ለነገሩ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገዋል። ሽቦው ከስልካቸው ጋር አልተያያዘም እንጂ አድርገዋል።

አየሻቸው ግን አለባበሳቸውን? በዚህ አቧራ ነጭ ሸሚዝ! በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ ግን አንተ ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ዲግሪ ይከበራል። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አቧራ ሲነካቸው አላየሁም። በምን ይነካቸዋል? ከቢሮ ወጥተው አያውቁ። ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው፤ ኃላፊው ካልሄድክ ብሎ አዘዛቸውና መጡ። ደግ አደረጉ። አገር ማየት ጥሩ ነው።

አንቺ የመጣሽው ባለፈው ወር ነው፣ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የፈተናው ተቆጣጣሪ አንቺ ነሽ፤ እነዚህ አርባ ሦስት አዋላጆች ከሌላው ተለይተው ለምን ዛሬ እንደሚፈተኑ አንዷ ብትጠይቅሽ ምን ትመልሻለሽ? 'ሲስተሙ ነው' ትያለሽ? አይ እንደሱ አትበያቸው። እሱን ከዚህ በፊት ተብለዋል።

እኔ መዝገብ ክፍል ነኝ፤ የሙያ ብቃት ፈተና የሚወስድ ሰው ሲመጣ ፎርሙን የምሞላው እኔ ነኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም... እሱስ ቀላል ነው፤ የሶማሌ ልጅ ከፈለግሽ እስከ አሥረኛ አያቱ ቆጥሮ ይሰጥሻል፣ ለአንቺ አይነገርም። አስቸጋሪው የልደት ቀን ነው። ግመል ተከትለው ሲሄዱ የተወለደች ልጅ ቀኗን ማን ይጽፍላታል? ዓመቷን ግን ታውቃለች፣ እናቷ ነግራታለች። 'ስደተኞቹ መጥተው ካምፑ የተተከለ ዓመት' ትልሻለች፤ አንቺም ሰማኒያ ሦስት ብለሽ ትጽፊያለሽ። ወሩና ቀኑስ? ፎርሙ ባዶ አይቀበልም። ስለዚህ እኔ ከድሮ ጀምሮ፣ ገና በወረቀቱ ጊዜ፣ ቀኑን የማያውቀውን ሰው ሁሉ ጳጉሜ አንድ እያልኩ እመዘግባለሁ። ለምን ጳጉሜ አትዪኝም? አምስት ቀን ብቻ ያላት ወር ናት፣ በእሷ የሚወለድ ሰው ጥቂት ነው። መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ጳጉሜ አንድን ሲያይ 'የዚችኛዋ ቀን አይታወቅም' ብሎ ይረዳል። ከአሁኑ በፊት የነበሩት ኃላፊ፣ ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ይረዱ ነበር። ከእኔ ጋር የምትሠራው ሙልኪ ትረዳለች። ሾፌሩ እንኳ ያውቃል። አደን! የሙያ ብቃት ወረቀትህ ላይ መቼ ተወለድክ ነው የሚለው?... ሰማሽ አይደል? ጳጉሜ አንድ! ማን እንደመዘገበው ገምቺ።

ታዲያ ዳታቤዝ መጣልን። ፊት ያሉት ናቸው ያመጡልን፤ ሥራቸው ይመስገን። እኔ የልደት ቀኑን የማስገባው እንደ ጽሑፍ ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ በመሃሉ ሰረዝ። አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ ሰማኒያ ሦስት። ለኮምፒዩተሩ ይሄ እንደ ሰው ስም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ምንም አይለኝም፣ ይቀበለኛል። እሳቸው ደግሞ ስቶርድ ፕሮሲጀር የሚባለውን ጻፉ። ሙልኪ እንዳስረዳችኝ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጥ የትእዛዝ ዝርዝር ነው፤ ስሙን ስትጠሪው ይነሳና የታዘዘውን ይሠራል። 'አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ተፈታኞች አውጣ' ሲባል ያወጣል። እኔና ሙልኪ ሦስት ቀን የምንለፋበትን በሦስት ሴኮንድ! አልዋሽሽም፣ አጨብጭቤያለሁ። ሙያ ሲታይ ማጨብጨብ ነውር አለው እንዴ?

ችግሩ፣ ይሄ ፕሮሲጀር ዕድሜ ማስላት አለበት። ለማስላት ደግሞ ጽሑፍ አይበቃውም፣ ቀን የሚባል ዓይነት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የእኔን ጽሑፍ ወደ ቀን ይቀይራል። ቀኑ ግን የፈረንጅ ቀን ነው! ዓመቱ ላይ ሰባት ስምንቱን ጨምረውለታል፤ እሱን አስበውበታል፣ አይካድም። ወሩን ግን... አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ከየት ያምጣ? ምስኪን ማሽን። ማሽኑ ላይ አልፈርድም፣ ውጭ አገር ነው የተሠራው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ግን የሩፋኤል ዕለት በጳጉሜ ዝናብ ሳይታጠብ ያድጋል?... እኔ እንጃ። ምናልባት በልጅነታቸውም ከቤት አይወጡ ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን ፕሮሲጀሩ ጮኸ። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ፤ 'ይህን ጽሑፍ ወደ ቀን መቀየር አልቻልኩም' ነው የሚለው አለችኝ ሙልኪ። እኔማ ደስ አለኝ። ማሽኑ ጠየቀ ማለት እኮ ነው! ሲጠይቅ ደግሞ መልሱን የሚያውቅ ሰው ሁለት በር አልፎ ተቀምጧል፤ እኔ ራሴ። ሄድኩ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ወረቀት ላይ በትልቁ 'ጳጉሜ 1 ማለት ቀኑ ያልታወቀ ማለት ነው፤ እባክዎ እንዳይጣል' ብዬ ጽፌ ስክሪናቸው ላይ ለጠፍኩላቸው። ግን ንጹሕ ሰው ናቸው። ስክሪናቸው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይወዱም።

እና ምን ያደረጉ ይመስልሻል? ሄደው ጠየቁ? ኧረ እንዴት ተደርጎ! የተማረ ሰው መዝገብ ክፍል ሄዶ ይጠይቃል? ፕሮሲጀሩን ዝም አሰኙት። 'ወደ ቀን መቀየር ያቃተህን ባዶ አድርገውና እለፍ' አሉት። አለቀ። እንዴት ያለ ጸጥታ ሆነ መሰለሽ! ቀኑ ባዶ ከሆነ ዕድሜውም ባዶ ነው። ዕድሜው ባዶ የሆነ ሰው አሥራ ስምንት ሞልቶታል? አይታወቅም። አልሞላውም? እሱም አይታወቅም። ያልታወቀ ሰው ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ሪፖርቱ ላይ 'የተገኘ ስህተት፦ ዜሮ' ተብሎ ተጻፈ፣ በስብሰባ ላይ ተነበበ፣ ሽልማትም ተሰጠ። ይገባቸዋል። በሃያ ሁለት ዓመቴ ውስጥ ምንም ስህተት ያልተገኘበት ሪፖርት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ግመሎቹን አየሻቸው? ከብዛታቸው... አደን፣ ቀስ በል፣ ያልፋሉ። እረኛውን አትነፋበት።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ከዝርዝሩ የጠፉት። አርባ አራት ሰው ነው የጠፋው። አርባ ሦስቱ ከዚህ ከምንሄድበት ዙሪያ ናቸው፤ ፍየል በጫነ አይሱዙ ላይ ተጭነው ጅግጅጋ ድረስ መጡ፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ስማቸውን በጣት እየተከተሉ ፈለጉ፣ አጡት። መስኮት ላይ የነበረው ሠራተኛ 'ሲስተሙ ዕድሜሽ አልሞላም ይላል' አላቸው። እኔ ያን ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ሲስተሙ አለ ከተባለ በኋላ ማን ይከራከራል? ነጠላቸውን... ይቅርታ፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ሄዱ። ሦስት ዓመት የተማሩ ሴቶች እኮ ናቸው ማርያን! ልጅ የወለዱ አሉባቸው፣ የሌላውን ልጅ በእጃቸው የተቀበሉ አሉባቸው፤ ዕድሜሽ አልሞላም ተባሉ።

አርባ አራተኛው ግን... የምክትል ኃላፊያችን የእህት ልጅ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፣ የሆስፒታል ካርድ ያለው፣ ጥቅምት ሠላሳ ቀን የተወለደ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው። የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ደግሞ ሠላሳ ቀን የለውም፤ ስለዚህ እሱም ባዶ ሆኖ ወደቀ። ያን ቀን የባለሙያችንን ቅልጥፍና ብታዪ! ምሳ እንኳ አልበሉም። ሙልኪን አጠገባቸው አስቀምጠው ፎርሙን አስወጡ፣ መዝገቡን አዩ፣ ፕሮሲጀሩን አዩ፣ በግማሽ ሰዓት ምክንያቱን አገኙት። ጳጉሜዎቹም ተደርድረው ታዩአቸው፣ ሙልኪ በጣቷ አሳይታቸው 'እናስተካክለዋለን' ብለዋታል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት! ከዓይን ያውጣልን።

ከዚያስ ፕሮሲጀሩን አስተካከሉት? አይደለም። የልጁን ልደት ጥቅምት ሃያ ስምንት አደረጉለት። ሁለት ቀን አስቀድመው ወለዱት ማለት ነው። አዋላጅ በሌለበት ቢሮ፣ ያውም በወንድ እጅ፣ ትንሽ ሙያ ነው ይሄ? ልጁ ስሙ ወጣለት፣ ተፈተነ፣ አለፈ። እሱ ምን አጠፋ፣ እንኳን ደስ ያለው። ፈተናው ከዚያ በኋላ በስንተኛው ቀን እንደነበር ልንገርሽ? በአሥራ አንደኛው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምክንያቱን ያውቁት ነበር። አንድ መስመር ነው የሚጨመረው አለችኝ ሙልኪ፣ 'አሥራ ሦስት ካየህ እንዲህ አድርግ' የምትል አንድ መስመር። ግን ሥራ ይበዛባቸዋል። አርባ ሦስቱ ቢሮ ውስጥ አጎት አልነበራቸውም እንጂ ቢኖራቸው ኖሮ ደግሞ አይረሷቸውም፤ ልበ ቀና ናቸው።

ኋላ ከአርባ ሦስቱ አንዷ፣ ቃሊ የምትባል ደፋር፣ የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ የበላይ አለቃ ድረስ ገባች። ነገሩ ፈነዳ። ወዲያው ደብዳቤ ተጻፈ። ለማን? 'ለወይዘሮ እናትአለም፤ ጉዳዩ፦ የመረጃ ጥራት ጉድለትን ይመለከታል።' ለእኔ! ጳጉሜ አንድ ብዬ በመመዝገቤ። ደብዳቤውን ማን እንዳረቀቀው አልጠየቅኩም፤ አማርኛው ግን ያማረ ነበር፣ አንድም ስህተት የለበትም።

ማርያን፣ ጥፋት የለብኝም አልልሽም። አለብኝ። የማላውቀውን ቀን እንደማውቀው አድርጌ ጽፌያለሁ። 'አይታወቅም' የሚባል ቦታ ፎርሙ ላይ ይጨመርልን ብዬ ጠረጴዛ መደብደብ ሲገባኝ በልማድ ሃያ ዓመት ተቀመጥኩ። ሳስበው ያቃጥለኛል። ግን እኔ ስሳሳት ሁሉም መዝገቡ ውስጥ ነበሩ። እሳቸው ምንም ሳይሳሳቱ ነው አርባ ሦስት ሰው የጠፋው።

ያዘነ ልብ አለኝ አልልም፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ማካካሻ ፈተና ተፈቀደ፤ ወረቀቱ ይኸው ከኋላችን በካርቶን ታሽጎ አለ። ከሁሉ የማስበው ሹክሪን ነው። ዓመቷ ካምፑ የተተከለበት ያልኩሽ እሷ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ሳይከፈላት ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት አገልግላለች፤ ሴቶቹ ምጥ ሲይዛቸው ደሞዝተኛዋን ትተው እሷን ነው የሚያስጠሩት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አብዲራህማን ደግ ሰው ነው፤ 'ቦታውን እስከዚህ ፈተና ድረስ ይዤላታለሁ፣ ወረቀቷን ታምጣና ነገ ትቀጠር፤ ከዚህ በላይ ግን መጠበቅ አልችልም' ብሏል። ስልኳ ከሳምንት በላይ አይሠራም። መልእክቱ ለሁሉም በስልክ ነው የተላከው... በሲስተሙ። እህቷን ግን ትናንት በስልክ አግኝቼ ነግሬያታለሁ፤ ደውዪልኝ በያት ከማለቴ መስመሩ ተቋረጠ። ትመጣለች።

ኬላው ደረሰ። መታወቂያሽን አውጪ... ይኸው። ሰላም ነው፣ የፈተና ወረቀት ነው፣ ደብዳቤው ፊት ካሉት ሰውዬ ዘንድ ነው። ...እሺ፣ አልፈናል።

ቆይ፣ ስልኬ። ይሄ የእኛ አገር ቁጥር አይደለም፣ የማዶ ነው። ሃሎ?... ሹክሪ! አንቺ ልጅ፣ የት ጠፋሽ? ደረስን እኮ፣ በር ላይ ጠብቂ... ምን?... ሐርጌሳ?... መቼ?... ኧረ አይደለም፣ ማን አለሽ?... ስሚኝማ... ሞልቷል! ሞልቶ ነበር! ሹክሪ፣ እናትሽ አልተሳሳተችም። ሰማሽኝ? ዓመቱን አልተሳሳተችም። ዛሬውኑ ደውዪላት... ሃዬ... እሺ እናቴ። አይዞሽ።

...

አሥር ቀኗ ነው ማርያን። በቶጎጫሌ አድርጋ ተሻግራለች፤ የአጎቷ ሚስት ሽቶ ቤት ቆማ ትሸጣለች። ፈተናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፣ ከሐርጌሳ በክንፍ ትምጣ? ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ዕድሜዬ ሞልቶ ነበር እንዴ?' በሃያ አምስት ዓመቷ! ያን ቀን ከመስኮቱ ተመልሳ እናቷን 'የተወለድኩበትን ዓመት እንኳ በትክክል አታውቂም' አለቻት፤ ተጣሉ፤ ተኳርፈው ነው የወጣችው። ያቺ እናት ይኸው ሁለት ወር ልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብላ ቁጭ ብላለች። እኔ... አዘንኩ ማርያን። በጣም ነው ያዘንኩት። ዓይኔን ተዪው፣ ነፋሱ ነው ብያለሁ፣ መስታወቱ አይዘጋም።

ይሁን። ሌሎቹ አሉ። ደረስን፤ ትምህርት ቤቱ ይሄ ሰማያዊ በር ነው። እዪያቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል፤ ልጅ ያዘለችም አለች። አርባ ሁለት ናቸው፣ እንዳትቆጥሪ። ስም የሚጠሩት ፊት ያሉት ናቸው፣ ኃላፊው ነው ያዘዘው፤ ዝርዝሩ ዛሬ በእጅ ነው የተጻፈው፣ እኔ ጻፍኩት፣ ፊደሌ ይነበባል። ሃያ ሰባተኛው ላይ ሹክሪ የሚል አለ፤ ጮክ ብለው ሁለት ጊዜ ይጥሯት፣ ደንቡ ነው። ከዚያ 'አልቀረበችም' ብለው ይፈርሙ። ፊርማቸውም ያምራል።

ካርቶኑን በዚያ በኩል ያዢልኝ። ቀስ... እኔ ቂም አልይዝም፣ ታውቂኛለሽ። ሰው ወዳጅ ነኝ። ለካ አልነገርኩሽም፣ ባለቤታቸው በዚህ ወር ትገላገላለች አሉ፣ የመጀመሪያቸው ነው። ደስ አይልም? ከልቤ ነው የምመርቀው፣ ይስሙኝ። ፈጣሪ በሰላም ያገላግላት፤ ምጧን ያቅልልላት፤ እጇ የተባረከ አዋላጅ አጠገቧ ያቁምላት። ሕፃኑም በጤና ይደግ፣ ይማር፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቃ። ከአባቱም ከእናቱም ዕድሜ ይጨመርለት። ስሙ በተጻፈበት ቢሮ ሁሉ፣ የትም ይሂድ የት፣ ልክ እንደ አባቱ ያለ ባለሙያ ይግጠመው።